ጠበል የነካው አምባር

ያ በጋ ክፉ ነበር። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ቆረጠ፤ ከዚያ ወዲያ ሰማዩ ጠብታ አልጣለም። ልደታ ዙሪያ ቤት ይፈርሳል፣ መንገድ ይቆፈራል፤ አቧራው በበርም በመስኮትም ይገባል። ቧንቧ ውሃ የመጣ ቀን ሰፈሩ ጄሪካን ይዞ ይራወጣል። ሽማግሌዎች ሳሉ፤ የሕፃናት ዓይን ቀላ። የኑኃሚን እጅ ደግሞ ተሰነጠቀ።

ኑኃሚን ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ ከሸራ ጥላ ሥር ተቀምጣ ለባለጉዳይ አቤቱታ በኮምፒውተር የምትጽፍ ልጅ ናት። የምትኖረው በጣቷ ነው። ችፌው ከልጅነቷ አብሯት ያደገ ነበር፤ በዚያ በጋ ግን ከጣቷ ተነሥቶ ክርኗ ድረስ ወጣ። ስትጽፍ ይደማል። ስትተኛ ያሳክካል። አላስቀምጥ አላስተኛ አላት።

አንድ ቀን ቃለሕይወት የሚባል ወጣት ስለ አባቱ ቤት አቤቱታ ሊያስጽፍ ከፊቷ ተቀመጠ። መናገር ጀመረና መሐል ላይ ዝም አለ። ዓይኑ እጇ ላይ ቀርቶ ነበር። እጅጌዋን ሳበች።

«ምን ታያለህ? ቀጥል እንጂ።»

«ይቅርታ፤ ሥራዬ ሆኖ ነው።»

«የሰው እጅ ማየት?»

«ቆዳ ማየት። እሱንም እኔ ሳልሆን መሣሪያው ነው የሚያየው።»

በአንድ የቆዳ ክሊኒክ የመሣሪያ ባለሙያ ነበር። ክንድ ላይ የሚታሰር ስስ አምባር አለ፤ የቆዳን ድርቀትና ትኩሳት ይለካል፤ ሲያስፈልግ መድኃኒቱን በልክ በልኩ ራሱ ይለቃል። ገና በሙከራ ላይ ነው፤ የሚያስሩት ሰዎች ይፈለጋሉ።

«እኔ በየሐሙሱ እየመጣሁ አየዋለሁ» አላት።

«እጁን ነው መሣሪያውን?»

«ሁለቱንም።»

ኑኃሚን ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር። በሐሙሱ አምባሩን አሰረላት።

የክሊኒኩ ደንብ አንድ ነበር፤ አምባሩን ያሰረ ሰው ሌላ ሕክምና አይጨምርም፤ ከጨመረ ከሙከራው ይወጣል። የእናቷ የወይዘሮ ሠርካዲስ ደንብም አንድ ነበር። «ጠበልና መድኃኒት ባንድ ገላ አይሄድም» ይላሉ። ጎሕ ሲቀድ ልጃቸውን ይዘው ልደታ ማርያም ጠበል ይወርዳሉ።

ኑኃሚን ከእናቷ አምባሩን ደበቀች፤ ከቃለሕይወት ጠበሉን። እናቷ ፊት ማውለቅ ስለማትችል ከነአምባሩ፣ ከነረጅም እጅጌዋ ትጠመቃለች። በሁለት ቢላዋ መብላት እንደማያዛልቅ ታውቃለች። ግን ብትናገር አምባሩ ይወልቃል። አምባሩ ከወለቀ ሐሙስም ይቀራል። የፈራችው ይህንን ነው።

ሐሙስ ሐሙስ መጥቶ ክንዷን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ስልኩ ላይ የሚመጣውን ቁጥር ያያል። እሷ ደግሞ የተጎነበሰ አንገቱን ታያለች። ብዙ አያወሩም። እጇን ሲለቅ ግን ሁለቱም የሚያደርጉት ይጠፋባቸዋል፤ እሱ ቦርሳውን ይፈታል ይቋጥራል፤ እሷ የደረደረችውን ወረቀት መልሳ ትደረድራለች።

እጇ ግን ባሰበት።

«አልገባኝም» አለ አንድ ሐሙስ። «አምባሩ ጠዋት ጠዋት ‹ቆዳዋ ርሷል፣ መድኃኒት አያሻትም› እያለ ይዘጋል። በዚህ ድርቅ?»

«ላብ ይሆናል።»

«በዚህ ብርድ?»

እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች። እሱም መሣሪያው ሰንፏል ብሎ የመድኃኒቱን ኃይል ከፍ አደረገው። ጠዋት የተዘጋው አምባር ከሰዓት ቆዳዋ ሲደርቅ ያንን ሁሉ ባንዴ ይለቅባት ጀመር። ክንዷ ነደደ። ከንፈሯን ነክሳ ጻፈች።

በሳምንቱ የተላጠውን ቆዳ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ውሃ ውስጥ ትነክሪዋለሽ። ወይ ታወልቂዋለሽ።»

«አላወለቅሁም።»

«እንግዲያው ምንድነው? ከፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ያቃጠልኩሽ እኔ ነኝ ማለት ነው። እውነቱን ንገሪኝ፣ ኑኃሚን።»

አንገቷን ደፋች። ከኋላው ወረፋ የያዙ አዛውንት ከዘራቸውን መሬት መቱ። «እናንተ ልጆች፣ የቀረውን በይግባኝ ጨርሱት! የኔ ችሎት ሊያልፍ ነው!»

ቃለሕይወት አምባሩን አጠፋውና ሄደ። «ሐሙስ» ሳይል ሄደ።

ሐሙስ መጣ፤ እሱ አልመጣም። ኑኃሚን ታክሲ በቆመ ቁጥር ቀና ትላለች። ትነሣለች፣ ትቀመጣለች። የምትጽፈው አልያዝ አላት።

«ልጄ» አሏት አንዲት ባለጉዳይ ወረቀቱን እያዩ፣ «ከሳሿን ተከሳሽ አደረግሽኝ እኮ!»

ይቅርታ ጠየቀች፤ እንደገና ጻፈችው። ከዚያ ስልኳን አነሣች።

«ነገ በማለዳ ልደታ ማርያም በር ላይ ጠብቀኝ» አለችው። «የጠየቅኸኝን ታየዋለህ።» መልሱን ሳትሰማ ዘጋች።

በነጋታው ከጠበሉ ስትወጣ ቀሚሷ ገላዋ ላይ ተጣብቆ ነበር። ቃለሕይወት ከበሩ ማዶ ቆሟል። ወይዘሮ ሠርካዲስ አዩት።

«ምን ታፈጣለህ አንተ ልጅ? የተጠመቀ ሰው አይተህ አታውቅም?»

«እኔን ነው የሚፈልገው፣ እማዬ» አለች ኑኃሚን። ብርድ ይሁን ፍርሃት ጥርሷ ይንገጫገጫል። እርጥቡን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበችው። አምባሩ ታየ። ከሥሩ ጠበሉ ይንጠባጠባል።

እናትየው አምባሩንም የተላጠውንም ክንድ አዩ። «ይኼን ማን አደረገሽ?»

«እኔ ነኝ» አለ ቃለሕይወት። «መሣሪያውን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ያቃጠልኳትም እኔ። ጠበል መኖሩን አላወቅሁም።»

«ጠይቀሃታል?»

«አልነገረችኝም።»

ወይዘሮ ሠርካዲስ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ለኔስ መች ነገረችኝ» አሉ። «ምን አስደበቀሽ?»

«አንቺን እንዳላጣ» አለች። ወደ ቃለሕይወት ዞረች። «አንተንም።»

እሱ ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። ክንዷን ግን አልነካም፤ ወደ እናትየው ቀና አለ።

«ጠበሉን ተዪ አልላትም፣ እማማ። ከመጠመቋ በፊት ይወልቃል፤ ቆዳዋ ሲደርቅ ይታሰራል። ኃይሉንም ዛሬውኑ እቀንሰዋለሁ።»

«የዳነች ቀን መጥተህ ‹ማን አዳናት› ብለህ እንዳትሟገተኝ።»

«አልሟገትም።»

«በል እሺ። ሽማግሌ ስትልክ ግን ጠዋት አይሁን፤ ጠበል ላይ ነን።»

ኑኃሚን በጃኬቱ ፊቷን ሸፈነች።

ቃለሕይወት በክሊኒኩ ሁሉንም ሳይደብቅ ተናገረ። የክሊኒኩ ሐኪም የኑኃሚንን ስም ከሙከራው ሰረዙ፤ አምባሩን ግን አልነጠቋትም። ጥር አለፈ፣ የበልጉ ዝናብ መጣ። ስንጥቁ እየተዘጋ፣ ቆዳው እየለዘበ ሄደ። ሽማግሌዎቹም በመጋቢት መጡ፤ ከሰዓት በኋላ።

የግንቦት ልደታ ዕለት ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ይቀቅላል። ወይዘሮ ሠርካዲስ በጥልፍ ያጌጠ ድባብ፣ የታቦት ጥላ፣ ከነመጠቅለያው አወጡ። ኑኃሚን ፊደል ስትቆጥር፣ እጇ መጀመሪያ የደማ ዕለት፣ «ይችን እጅ ከማርሽልኝ ድባብ አስገባለሁ» ብለው ለልደታ ማርያም ተስለው ነበር። ለማንም አልተናገሩም። ዓመት መጥቶ ዓመት ሲሄድ እጇ ስላልዳነ የሚያስገቡበት ቀን ጠፋ።

«ያዥው» አሏት። «በገዛ እጅሽ ይግባ።»

ኑኃሚን በአጭር እጅጌ ቀሚስ ድባቡን ይዛ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገባች። ቃለሕይወት ከጎኗ ነው፤ ሰው ሲያየው ያፍራል፣ ደግሞም አይርቅም። ቄሱ ድባቡን ተቀብለው ባረኩ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ወይዘሮ ሠርካዲስ አላለቀሱም። ነጠላቸውን አመሳቅለው ወደ መቅደሱ ሦስት ጊዜ ሰገዱ፤ ጉልበታቸውን ይዘው ቀና አሉና ረጅም ተነፈሱ።

«ቆይቶብኝ ነበር» አሉ፤ «ይኸው ከፈልኩሽ።»