በሎንዶን የተጠራ ስም

ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም. ማለዳ፣ በየጁ አውራጃ፣ ከመርሳ ከተማ ዳር አርባ ሁለት የቆርቆሮ መጠለያዎች ነበሩ፤ በውስጣቸው ከስድስት ሺህ የሚበልጥ ርኃብተኛ ሰፍሮ ነበር፤ ስሙ በመዝገብ የተጻፈ ዱቄት ያገኛል፣ ያልተጻፈ አያገኝም። በዚያች ሌሊት የሞቱት ዐሥራ ሰባት ሲሆኑ ቀብራቸው ገና አልተጀመረም።

የእንግሊዝ ምክር ቤት አባል ሚስተር ኮልዌል በሦስት ሰዓት ደረሱ። በምክር ቤቱ ዐሥራ አንድ ዓመት ተቀምጠዋል፤ ከተናገሩት ግን ሰው የሚያስታውሰው አንድም አልነበረም። አስተርጓሚያቸው ስዩም የሚባል የወልድያ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር፤ ከመኪናው እንደ ወረደ የፓርቲው ተጠሪ ጓድ አማን ክንዱን ያዘው።

«ስዩም፣ አንተ ዛሬ ምላስ ነህ፤ ምላስ ደግሞ የሚኖረው በጥርስ መካከል መሆኑን አትርሳ።»

«አልረሳም ጓድ።»

ጓድ አማን ለፎቶግራፍ ሰልፍ ሊያስተካክል ራቅ ሲል፣ ባሏ ሳይሞት ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ቀረበች። ለተሚካኤል ትባላለች፤ ወላጆቿ ከትግራይ መጥተው ወልድያ የከተሙ፣ ባሏን ፍለጋ ወደ መጠለያው የመጣች ባለሱቅ ናት።

«መምህር፣ ለእኚህ ሰው ንገርልኝ። ባሌን ገብረእዝጊን ጨው ሊሸጥ ከመጣበት ገበያ ከርኃብተኛው ጋር አፍሰው ለሰፈራ ወሰዱት። በቅሎይቱን ትተው እሱን ጫኑት! እሱ ደግሞ እንኳን ሊራብ ቦርጩ ቀበቶ አያስይዘውም ነበር።»

ስዩም ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመ። ሚስተር ኮልዌል ማስታወሻቸውን አውጥተው ስሟን ጠየቁ።

«ስሟ ለምን ያስፈልጋል ጌታዬ?»

«ስም የሌለው ምስክር በእኛ ምክር ቤት መሳቂያ ነው።»

ስዩም ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «ለተሚካኤል፣ ስምሽ ባይጻፍ ይሻላል።»

«ምን ማለትህ ነው? እዚህ ያልተጻፈ ሰው ምን ሲያገኝ አየህ? ከነአባቴ፣ ከነሰፈሬ ጻፍልኝ እንጂ!»

ስዩም ከሎንዶን እስከ ወልድያ ያለውን መንገድ አሰበ፤ ሩቅ መሰለው። ማስታወሻውን ተቀብሎ ስሟን፣ የአባቷን ስምና ሰፈሯን በፈረንጅ ፊደል አጥርቶ ጻፈ።

በጥር ወር ሚስተር ኮልዌል በምክር ቤቱ ተነሥተው ያንኑ ስም ጠሩ፤ በማግስቱ ፎቶአቸው በየጋዜጣው ፊት ገጽ ወጣ።

በየካቲት ስዩም ከሚያስተምርበት ክፍል ጓድ አማን ገባ፤ ተማሪዎቹን አስወጥቶ ሦስት ገጽ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«የፈረንጅህ ንግግር ነው፤ ከበላይ ተላከልኝ። ማንን እንደሚጠራ አላውቅም፤ አንተ ትነግረኛለህ። እዚሁ ተርጉመህ ጻፈው።»

«ለነገ ባደርሰውስ ጓድ?»

«እዚሁ አልኩህ። አንድ መስመር ብትዘል አዲስ አበባም እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሞልቷል፤ ያን ጊዜ የምጽፈው የእስር ትእዛዝ የሁለት ሰው ይሆናል።»

ስዩም ሁለቱን ገጽ ሳያቋርጥ ተረጎመ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያ ራሱ አጥርቶ የጻፈው ስም ቆሞ ጠበቀው፤ ብዕሩን አነሣ። እቤቱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሚስት አለችው። ጓድ አማን ሰዓቱን አየ።

«ቀለም አለቀብህ እንዴ መምህር?»

ስዩም ስሟን፣ የአባቷን ስምና ሰፈሯን ጻፈ።

በማግስቱ ሁለት ታጣቂዎች ለተሚካኤልን ከሱቋ ሲጠሯት፣ ያዘቀዘቀችውን ነጠላ አስተካክላ ለጎረቤቷ ለየሻረግ ቁልፉን ሰጠቻት። «ሱቁን እይልኝ» አለቻት እየሳቀች፤ «ስሜን ጠርተው ፈለጉኝ፤ ከባሌ ሊያገናኙኝ ነው። መጻፍ ደጉ!»

ሚስተር ኮልዌል በሁለት ዓመት ምክትል ሚኒስትር ሆኑ፤ ኋላም የ«ሰር» ማዕረግ ተቀበሉ፤ ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው መርሳን «የተወለድሁባት ሁለተኛ ስፍራ» ብለው አመሰገኗት። ስዩም ማስተማሩን ቀጠለ፤ ከዚያ ወዲህ ግን የተማሪዎቹን ስም ጠርቶ አያውቅም፤ ቁጥር ሰጣቸው።

ገብረእዝጊ ከሰፈራው ጠፍቶ በሦስተኛው ዓመት በእግሩ ወልድያ ገባ፤ ከየሻረግ እጅ ቁልፉን ተቀበለ፤ ሚስቱንም ከእስር ቤት እስር ቤት እየዞረ ፈለገ። ያ ንግግር በሎንዶን ተጠርዞ ተቀምጧል፤ ዐሥራ አራት ደቂቃ የፈጀ ሲሆን የለተሚካኤል ስም ሁለት ጊዜ ተጠርቶበታል። ባሏ ባስገለጠው የእስረኞች መዝገብ ሁሉ ግን አንድ ጊዜም አልተጻፈም።