የሚፍታ እንግሊዝኛ

ሚፍታ ነገር በተበላሸ ቁጥር የሚላት አንዲት እንግሊዝኛ ነበረችው፤ «ሺት ሃፕንስ»። የሞተር ቺንጋ ቢበጠስ እሷ፣ ናፍጣ ቢያልቅ እሷ። ከሚነዳው የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር መስታወት ላይ ተለጥፋ አግኝቶ ነው የለመዳት። ሽፋኑ በተገነጠለ መዝገበ ቃላት እንግሊዝኛ ለብቻዋ የተማረችው ፈይሩዛ ግን «እንዲህ ያለ ጣጣ ያጋጥማል» ለማለት የምትወረወር ጸያፍ አባባል መሆኗን ታውቃለች።

«ይህችን አባቴ ፊት እንዳታወጣት» ብላው ነበር።

የተዋወቁት አምና ኢተያ ላይ ነው፤ እሷ ለአባቷ ስንዴ የአጨዳ ተራ ልትይዝ ሄዳ። ዘንድሮ አጨዳው ሲያልቅ ሽማግሌ ሊልክ ተስማምተዋል። የአባቷን የአቶ ሁሴኖን ስንዴም ሐሙስ ሊያጭድ ቃል ገባ።

ሐሙስ ግን ሌላ ወረዳ፣ አርቦዬ ነበር። ሰፊ ማሳ አግኝቶ፣ «ቶሎ ጨርሼ እደርሳለሁ» ሲል ማሽኑ እዚያው ተሰበረ። ዓርብ በረዶ ወረደና የአቶ ሁሴኖን ስንዴ እኩሌታ ከመሬት አስተኛው። የተኛ ስንዴ ደግሞ ኮምባይነር አያነሳውም።

ሚፍታ ቅዳሜ መጣ። አቶ ሁሴኖ ማሳው ዳር ቆመው የተኛውን ስንዴ ያያሉ።

«ምን ይደረግ አባባ፤ ሺት ሃፕንስ» አለ፣ አፉ ለምዶበት።

አቶ ሁሴኖ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ምን አለ?»

ፈይሩዛ ሚፍታን አየችው። እሱ መሬት መሬት ያያል።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ የወደቀውን በእጄ አጭዳለሁ አለ።»

«ይህን ሁሉ በሁለት ቃል?»

«እንግሊዝኛ አጭር ነው፣ አባ።»

አባቷ ራቅ ሲሉ ሚፍታ ጠጋ አለ። «ለምን ዋሸሽ?»

«አልዋሸሁም። ማለት የነበረብህን ነው የተረጎምኩት።»

«ባላጭድስ?»

«ሽማግሌህን አርቦዬ ትልካለህ።»

በማግስቱ ማጭድ ይዞ መጣ። አቶ ሁሴኖን ሰላም ካለ በኋላ፣ አርቦዬ የሄደው ሰፊ ማሳ አጓጉቶት እንደሆነ ሳይጠየቅ ተናገረ። አራት ቀን አጎንብሶ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ፈይሩዛ ውሃ ስታመጣለት መዳፉ ውሃ ቋጥሮ አየች። ጆጉን አስቀምጣ እጁን ያዘች።

«መሪ መያዝ ይሻልሃል» አለች።

«አንቺን ብይዝ ይሻለኛል።»

«መጀመሪያ ያቺን ጥግ ጨርስ።»

የሚፍታ ሽማግሌዎች በመጡ ዕለት አቶ ሁሴኖ ሻይ ሲያቀብሉ ብርጭቆው አምልጧቸው የአንደኛውን እንግዳ ነጭ ጀለቢያ አበላሸው።

«ሺት ሃፕንስ» አሉ አቶ ሁሴኖ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «የሚፍታ ቋንቋ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔው አጥበዋለሁ ማለት ነው። እንዲህ የሚል ልጅ ሲጠይቅ እምቢ አይባልም።»

ከመጋረጃው ጀርባ ፈይሩዛ ሳቋ እንዳያመልጣት ሻርፗን ነክሳ ቆመች።