ከመቶ ስንቱ ቢጫ?

«ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ ስምንት… ኧረ ተዉኝ እናንተ!»

ወንጌል ይህን ያለችው ለዝንቦቹ ነው። ሰሊጡ መሀል ቁጢጥ ብላ አንዱን አገዳ በግራ እጇ ይዛለች። በቀኝ እጇ ደግሞ ከሥር ወደ ላይ እየወጣች ዘሩ ያለባቸውን ትንንሽ ከረጢቶች አንድ በአንድ ትነካለች። ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ዝንብ ዓይኗ ላይ ባረፈ ቁጥር ቁጥሩ ይጠፋባትና እንደገና ከሥር ትጀምራለች።

ጎረቤታቸው ጋሽ ስሜነህ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው በማሳው ድንበር ሲያልፉ አዩዋት።

«አንች ወንጌል! ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

«ኧረ ምንም ጋሼ። እየቆጠርኩ ነው።»

«ምኑን?»

«ሰሊጡን።»

ጋሽ ስሜነህ ቆሙ። ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ ሰሊጡ አዩ፣ ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ሰሊጥ ይመዘናል እንጅ ይቆጠራል እንዴ? ያች ዲግሪ የጫነች እኅትሽ ናት ያዘዘችሽ? የፈረደ ቤት ጉድ ነው እናንተየ!» እያሉ ሄዱ። ይህን ወሬ ሳይውል ሳያድር መንደሩ ሁሉ እንደሚሰማው ወንጌል አልጠፋትም።

ዲግሪ የጫነችው እኅት ሠላማዊት ናት። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቃ ስትመጣ ሁሉም ሰው ለዕረፍት መስሎት ነበር። ነሐሴ አለፈ፣ አዲስ ዓመት መጣ፣ እሷ እቴ! ሻንጣዋን የማንሳት ሐሳብም የላት። እዚያ ቆላ ከደጋ የመጣ ሰው ሁሉ «ወረደ» ነው የሚባለው። አባቷ አቶ ፈረደም በወጣትነታቸው ከደጋ ወርደው፣ ጫካ መንጥረው ነው ያን ማሳ ያቀኑት፤ በቃሉ ማንም አያፍርበትም። ስለ ሠላማዊት ሲወራ ግን ቃሉ ይረዝማል፤ «የፈረደ ልጅ እኮ ወረደ…ች!» እየተባለ ከንፈር ይመጠጣል። አንዱ ተባርራ ነው ይላል፣ ሌላው ወንድ ከድቷት ነው ይላል።

ወንጌል ደግሞ ነገር ሳታውቅ እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ አስተማሪዎቿ «ጥያቄሽን ቀንሽ» ይሏታል። እኅቷን ለምን እንደተመለሰች ሁለት ጊዜ ጠይቃታለች። መጀመሪያ «ናፍቃችሁኝ ነው» አለቻት። ሁለተኛ «ሙቀቱ ናፍቆኝ ነው» አለቻት። ይኼማ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። የመተማን ሙቀት ማን ይናፍቃል?

ጎንደር የሚኖሩት አጎታቸው ጋሽ ኪዳን ደግሞ ለሠላማዊት የቢሮ ሥራ አግኝተው «ትመጣለች ወይስ አትመጣም?» እያሉ በስልክ መውጫ መግቢያ አሳጥተዋል። ሠላማዊት አባቷን ለምና አንድ ነገር አስፈቀደች፤ ዘንድሮ ሰሊጡ መቼ እንደሚታጨድ እሷ ትወስን። አቶ ፈረደ በሦስተኛው ቀን፣ «እሺ። ካማረ እዚሁ ሥሪ። ሰሊጤን ካረገፍሽብኝ ግን ጎንደር ነሽ፤ አለቀ» አሉ።

የቆጠራው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሠላማዊት ወንጌልን ማሳው ዳር አቁማ፣ «ምን ይታይሻል?» አለቻት።

«ሰሊጥ ነዋ። አረንጓዴ።»

«በይ አሁን ቁጢጥ በይ።»

ወንጌል ቁጢጥ አለችና አፏን ከፈተች። ከላይ አረንጓዴ የነበረው ሰሊጥ ከሥሩ ቢጫ ነው! ተወልዳ ያደገችበት ማሳ ነው፤ አንድም ቀን እንዲህ ዝቅ ብላ አላየችውም።

«ሰሊጥ ከሥር ወደ ላይ ነው የሚደርሰው» አለች ሠላማዊት። «ቶሎ ካጨድሽው የላይኛው ፍሬ ሳይሞላ ይቀራል። ከዘገየሽ የታችኛው ከረጢት ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ከመቶው ከረጢት ስልሳ ስድስቱ ገደማ ቢጫ ሲሆን ነው ቀኑ።»

«አባየ ግን ሳይቆጥሩም ያውቁታል እኮ።»

«እሱንማ ያውቁታል!» ሠላማዊት አገዳውን ለቀቀችና አጠገቧ ተቀመጠች። «ለምን ተመለስሽ አላልሽኝም? አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አስተማሪያችን የሰሊጥ ፎቶ አሳየን። ከስልሳ ተማሪ በዓይኑ አይቶት የሚያውቅ እኔ ብቻ። እጄን አወጣሁ፣ ደስ ብሎኛል። 'መቼ ነው የሚታጨደው?' አለኝ። 'አባቴ ሲሉ' አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅሁም። አባየ በዓይናቸው የሚያውቁትን ማንም መጥቶ ጠይቋቸው፣ ለክቶት፣ ጽፎት አያውቅም። ከእኛ ወዲያ ማን ይምጣ?»

ወንጌል ይህን መልስ ወደደችው። ከአራቱም የማሳው ጥግ አሥር አሥር አገዳ እየቆጠረች ደብተር ላይ የምትጽፈው እሷ እንድትሆን የለመነችው ራሷ ናት። ጠዋት ትማራለች፣ ከሰዓት በኋላ ትቆጥራለች።

ሐሙስ ዕለት የጋሽ ስሜነህ ሳቅ ገና ከጆሮዋ ሳይወጣ ሦስቱን ጥግ ጨረሰች። ቢጫው ከመቶ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ አንድ፣ አርባ አራት ደርሷል። የቀረው ክረምት ብቻ ውኃ በሚሄድበት ሖር አጠገብ ያለው ጥግ ነው፤ ሩቅ ነው፣ ጥላ የለውም፣ ፀሐይዋ ደግሞ አናት ትበሳለች። ወደዚያ ልትሄድ ስትል የክፍሏ ልጅ መጂዳ ከመንገድ ዳር ጮኸች።

«ወንጌል! አቦ ነይ! ዓሊ በአይሱዙ መተማ ዮሐንስ እየሄደ ነው፣ ጋቢና ቦታ አለ!» ዓሊ የመጂዳ ታላቅ ወንድም ነው። «አዲስ ጫማ ገብቷል አሉ። አይተን፣ ቀዝቃዛ ነገር ጠጥተን ወዲያው እንመለሳለን።»

«አንድ ጥግ ቀርቶኛል።»

«ያው ሰሊጥ አይደል እንዴ? ሰሊጥ ሰሊጥ ነው። ገምችው! ፋራ አትሁኝ።»

ወንጌል ወደ ሖሩ አየች። ከሩቅ ሲታይ እንደሌላው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ «አርባ ሁለት» ብላ ጻፈችና ሮጠች። ጫማውንም አዩ፣ ሚሪንዳም ጠጡ፣ ድንበሩ ላይ የተሰለፉትን የሱዳን መኪናዎችም ቆጠሩ። ደስ ብሏት ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ሲመሽ ሠላማዊት ደብተሩን አይታ ግንባሯን ሳመቻት። «ጎበዝ! አራቱም ተቀራርበዋል። እስከ ማክሰኞ እንጠብቃለን።» ወንጌል ልትናገር አፏን ከፈተች፣ ግን እናቷ ወይዘሮ ጸዳለ እራት አቀረቡ፣ ወሬው ወደ ሌላ ዞረ፣ አፏንም ዘጋችው።

ዓርብ ጎረቤቶቹ ሁሉ ማጨድ ጀመሩ። የጋሽ ስሜነህ ሰሊጥ ታስሮ፣ ነዶው እየተደጋገፈ በየቦታው ሂላ ሆኖ ቆመ። የአቶ ፈረደ ብቻ እንዳለ ቀረ። ወንጌል ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። አርባ ሁለት ከሆነስ? ምናልባት ልክ ገምታ ከሆነስ? ቅዳሜ ትምህርት የለም። ጎህ ሲቀድ ለማንም ሳትናገር ወደ ሖሩ ጥግ ሄደች።

ገና የመጀመሪያውን አገዳ ስትነካው ዘሩ እጇ ላይ ተንሿሿ። የታችኞቹ ከረጢቶች አፋቸውን ከፍተዋል። መሬቱ አሸዋማ ስለሆነ ያ ጥግ ቶሎ ደርቋል፤ ሰሊጡ ወድቆ አሸዋው ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ወንጌል ቁጢጥ አለች። አሥሩንም አገዳ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ሰማንያ ሁለት።

ቤት ስትደርስ ግቢው ውስጥ ሰው ቆሟል። ከጎጃም የመጡት የአጨዳ ሠራተኞች፣ ሳሉግ የሚባሉት፣ አለቃቸውን አለልኝን አስቀድመው መልስ ይጠብቃሉ። አሥራ ሁለት ናቸው።

«ጋሽ ፈረደ፣ ቁርጡን ይንገሩን እንጅ» ይላል አለልኝ። «አብደራፊ ያሉ ገበሬዎች ይፈልጉናል። ዛሬ ካላሳጨዱን መሄዳችን ነው።»

አቶ ፈረደ ከዘራቸውን ተደግፈው ሠላማዊትን አዩዋት። ሠላማዊት ደብተሩን ደረቷ ላይ ይዛለች፤ ዓይኗ ግን አይረጋም።

«ማክሰኞ ነው ያልሽው?»

«ማክሰኞ ነው አባየ። አራቱም ጥግ ተቆጥሯል።»

አቶ ፈረደ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከዚያ ወንጌል በሕይወቷ ይሉታል ብላ ያላሰበችውን አሉ፤ «እሷ ያለችው ይሁን። እኔ ልጄን አምናለሁ። እናንተ ሂዱ፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

አለልኝ ቦርሳውን አነሳ። ሠላማዊት ፊቷ እንዴት እንዳበራ! ወንጌል ያን ፊት አይታ ባለችበት ቀረች። ዝም ብትል ማን ያውቃል? የሖሩ ጥግ ረገፈ፣ ፀሐይ ነው፣ ንፋስ ነው ይባላል። አይ፣ አይባልም። የሠላማዊት ቆጠራ ነው ይባላል።

«አትሂዱ!» ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «አባየ፣ የሖሩ ጥግ እየረገፈ ነው! አልቆጠርኩትም። ሐሙስ ከመጂዳ ጋር መተማ ዮሐንስ ሄጄ… ዋሽቼ ነው የጻፍሁት።»

አለልኝ ቦርሳውን መልሶ አስቀመጠ። ሠላማዊት ደብተሩን ከደረቷ ላይ አወረደችው። «እኔ ያንችን ቁጥር አምኜ…» ብላ አልጨረሰችውም፤ እንባዋ ቀደማት። ወንጌል መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

አቶ ፈረደ በከዘራቸው መሬቱን ሁለቴ መቱ። ወንጌል ቁጣው መጣ ብላ ትከሻዋን ሰበሰበች።

«ስንት ነው?» አሉ።

«አቤት?»

«የሖሩ ጥግ! ስንት ደረሰ ነው የምልሽ!»

«ሰማንያ… ሰማንያ ሁለት። ዛሬ ጠዋት ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ።»

«ሌላውስ?»

«ዛሬ አላየሁትም።»

«ታዲያ ምን ቁመሽ ታዪኛለሽ? ሂጅና ቁጠሪያ!» ወደ አለልኝ ዞሩ። «አንተ፣ ስድስት ሰው ይዘህ የሖሩን ጥግ አሁኑኑ ግባበት። የቀረው ልጆቼ ሲሉ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለሠላማዊት፣ «አታልቅሽ። እኔም እኮ ሖሩ ጥግ ከሄድሁ ሁለት ሳምንት ሁኖኛል። እግሬን አሞኝ፣ ከዚህ ቁሜ ሳየው አረንጓዴ ነው። ሌላው ቢቀር አንች አራት ጥግ አስበሻል፤ እኔ አንዱን ረስቼዋለሁ» አሏት።

ያን ቀን ወንጌል ሌሎቹን ሦስት ጥጎች ስትቆጥር ዋለች። ሃምሳ አንድ፣ ሃምሳ፣ ሃምሳ ሦስት። ሠላማዊት አላናገረቻትም። ሁለቴ ከኋላዋ መጥታ የቆጠረችውን አገዳ ራሷ ደግማ ቆጠረችው፣ ምንም ሳትል ሄደች። ወንጌል ይህ ከጥፊ በላይ አመማት። ሦስተኛው ጥግ ላይ ግን ሠላማዊት ስትመጣ፣ ወንጌል «ይኼን እንኳ ደግመሽ አትቁጠሪው» አለች በሆዷ። ሠላማዊት ቁጢጥ አለች። አገዳውን አየችው፤ ሳትነካው የወንጌልን ቁጥር ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ የሖሩ ጥግ ታጭዶ አለቀ። ጥቂት ረግፏል፣ አብዛኛው ተርፏል። አቶ ፈረደ ሂላው አጠገብ ተቀምጠው ላባቸውን ሲጠርጉ ስልካቸው ጮኸ። ጋሽ ኪዳን ናቸው። አቶ ፈረደ በስልክ ሲያወሩ ድምፃቸው ያለ ስልክ ጎንደር ድረስ መሰማት ያለበት ይመስላቸዋል።

«ሃሎ! ኪዳን! አለን! … አይ፣ አትመጣም! … አትመጣም አልኩህ! ሥራ ይዛለች! … የት? እዚህ ነዋ! እኛ ዘንድ! … ምን ሥራ?» አቶ ፈረደ ወደ ሠላማዊት አዩ፤ እሷ ነዶ ማሰሩን ትታ ቀጥ ብላ ቆማለች። «እንግዲህ እኔ ጠንቅቄ አልነግርህም። ቆይ፣ የምታስረዳህ አለች» ብለው ስልኩን ለወንጌል ሰጧት።

ወንጌል ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ጋሽ ኪዳን ከዚያ ማዶ «ሃሎ? ሃሎ? ምንድን ነው ይኼ የምትሠራው ሥራ?» ይላሉ። ስለ ከረጢቱ፣ ስለ ቢጫው፣ ስለ ስልሳ ስድስቱ ብቻ ነግራ ልትጨርሰው ትችል ነበር። እኅቷን አየቻት።

«ጋሼ፣ እነግርዎታለሁ» አለች። «መጀመሪያ ግን እኔ ሐሙስ ዕለት ያደረግሁትን ልንገርዎት።»