ሠላሳ አንድ ቁጥር

«ከራስሽ ቁጥር ጋር አብረሽ ትሰቅይልኛለሽ፣ አለቀ! ማን ያያል?» አለችና ፌንጣ የነሐሷን ቁራጭ ጓደኛዋ መዳፍ ላይ ጣል አደረገች።

ነሐሷ ላይ አሥራ አራት ቁጥር ተቀርጿል። ኮረብታው አናት ላይ ያለው የጥንት ምሽግ ሙዚየም ከሆነ ወዲህ ደንቡ ይኸው ነው፤ የሚገባ ሰው በር ላይ ካለው ሰሌዳ ባለ ቁጥር ነሐስ ይወስዳል፣ ሲወጣ ሚስማሩ ላይ መልሶ ይሰቅላል። ሰሌዳው ከሞላ ውስጥ ሰው የለም ማለት ነው፤ በሩ ይዘጋል።

«ቲቸር ቢጠይቀኝስ?»

«አክስቷ መጥታ ወሰደቻት በያ! በፈረሰው ግንብ በኩል ሾልኬ እወርዳለሁ። የአጎቴ ልጅ ሞተር ይዞ ታች ይጠብቀኛል። ደግሞ አንቺን ማን ይጠረጥራል? አታካብጂ ባክሽ!»

እውነቷን ነው። ይቺ ጓደኛዋ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የክፍል አለቃ በመሆኗ አስተማሪዎቹ እንኳ «አለቃ» ነው የሚሏት። ስም የሚመዘግብ ሰው ደግሞ ወዳጅ አይበዛለትም። በምሳ ሰዓት አጠገቧ የምትቀመጠው ፌንጣ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም። አለቃ እምቢ ማለት አቃታት።

የታሪክ መምህሩ እያጨበጨበ ተማሪዎቹን ከክፍል ክፍል ነዳቸው። የዛጉ ጎራዴዎች አዩ፣ የተሸራረፉ ገንቦዎች አዩ። በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሕፃን ጫማ ነበረች፤ አንድ እግር ብቻ። የማን እንደነበረች የሚያውቅ የለም። አለቃ ወደ ኋላዋ ዞር ስትል ፌንጣ የለችም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ቁጥሩን እየሰቀለ ወደ አውቶቡሱ ወረደ። አለቃ እንደ ልማዷ መጨረሻ ላይ ቀረችና አሥራ አምስትን ሰቀለች፤ ቀጥላም አሥራ አራትን። ያያት ሰው እንዳለ በጎን ቃኘች። በሩ ላይ የቆመው ሽማግሌ ዘበኛ ግን የሚያየው ሰሌዳውን እንጂ እሷን አልነበረም። ሠላሳ አንድ ቁጥር ላይ ብቻ ቀይ ክር ታስሯል፤ ጠዋትም ለማንም ሳይሰጥ አልፎት ነበር።

ዘበኛው ወደ ውስጥ ዞሮ እጆቹን አፉ ላይ አደረገ።

«ሠላሳ አንድ!» ብሎ ተጣራ። ጆሮውን ጥሎ ጠበቀ።

ከምሽጉ ሆድ ውስጥ ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። አለቃ ከበሩ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«አባባ፣ ውስጥ ሰው አለ እንዴ?»

«የለም፣ ልጄ። ሰሌዳው ሙሉ ነው።»

«ግን እኮ ያንኳኳል!»

«ሁልጊዜ ያንኳኳል። አርባ ዓመት ሰምቼዋለሁ። ድሮ በየቀኑ እየገባሁ እፈልግ ነበር፤ አንድም ቀን ሰው አላገኘሁም። አሁን የማምነው ሰሌዳውን ነው።» ቁልፉን ከኮቱ ኪስ አወጣ። «ነገና ከነገ ወዲያ ዝግ ነን።»

አለቃ ወደ ግንቡ ጠርዝ ሮጣ ቁልቁል አየች። ሞተሩ ቆሟል። የፌንጣ የአጎት ልጅ ብቻውን ሰዓቱን እያየ ወደ ላይ ያንጋጥጣል። ፌንጣ አጠገቡ የለችም።

«አለቃ!» መምህሩ ከአውቶቡሱ በር ተጣራ። «ያቺ ጓደኛሽስ?»

ውሸቱ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። «አክስቷ…» ብላ ጀመረች። እውነቱን ብትናገር ፌንጣ ዳግመኛ ዓይኗን አታያትም። አለቅነቱም ይቀራል። ምናልባትም የዘገየችው ለቀልድ ይሆናል።

ዘበኛው በሩን መግፋት ጀመረ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«ቲቸር፣ ውስጥ ናት!» ብላ ጮኸች። ተመልሳ አሥራ አራትን ከሚስማሩ አነሳችና ለሽማግሌው ዘረጋችለት። «ይቺ አልወጣችም፣ አባባ። የሰቀልኩላት እኔ ነኝ።»

ይሰድበኛል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ቀዩን ክር በጣቱ ነካ አደረገ።

«ሠላሳ አንድንም የሰቀልኩለት እኔ ነበርኩ» አለ። «የአንቺ እኩያ ነበርኩ። ጓደኛዬን እንዳላሳጣ ብዬ ሦስት ቀን አፌን ዘጋሁ። በሩ ሲከፈት አልተገኘም።»

በሩን መልሶ በረገደውና መምህሩ እስኪደርስ ሳይጠብቁ አብረው ገቡ። ግቢው መሃል ሲደርሱ «ጥሪያት፤ ድምፅሽን ታውቀዋለች» አላት።

«ፌንጣ!»

«አለቃ!» በግራ በኩል፣ ከጥንቱ የውሃ ማጠራቀሚያ ክፍል የለቅሶ ድምፅ መለሰ። «ተደብቄ ሳለሁ ከውጭ ቀረቀሩብኝ!»

አለቃ እፎይ ከማለቷ በስተቀኝ በኩል፣ ከባዶው ማማ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ። ሁለቱም ተያዩ።

«መቀርቀሪያው ቀላል ነው፤ ወደ ላይ አንሺው» አላት ዘበኛው። ፊቱን ወደ ማማው አዙሯል። «አንቺ በግራ ሂጂ። የቀኙ የእኔ ነው።»

አለቃ ነሐሷን እንደጨበጠች ወደ ግራ ሮጠች።