እርስዎ ይቅደሙ

መብራቱ ሄደ? እሰይ፣ እንኳን ሄደ! ሻማ የሚፈልግ ፈሪ ካለ አሁኑኑ ይውጣ። የለም? በሉ ተጠጉ። ቆሎውን ከግራ ጀምራችሁ አዙሩት፤ እኔ ላውጋ፣ እናንተ ስሙ። ሥልጠናችሁን ጨርሳችሁ ነገ ልትበሩ ነው፤ ይህን ሳልነግራችሁ ብትበሩ ኃጢአቱ የእኔ ነው።

ድሮ ነው፣ እናንተ ሳትወለዱ። አንሙት የሚባል ሰው ነበረ፤ እንደናንተው የበረራ አስተናጋጅ። ሰዓቱ ከሌሊቱ ስምንት ነው። መንገዱ ጭር ያለ ነው። ምን ዓይነት መንገድ? እግረኛ የሌለበት፣ ውሻ የማይጮኽበት፣ ከምድር ሠላሳ ሺህ ጫማ ከፍ ያለ የሰማይ መንገድ! ከታች በረሃ፣ ከላይ ኮከብ። አውሮፕላኗ ትንሽ ናት፣ አስተናጋጁ እሱ ብቻ ነው፣ ተሳፋሪው ሠላሳ ስምንት። ሁሉም ያንኮራፋል።

አንሙት ደግ ነበር። ደግ ስላችሁ ዝም ብሎ ደግ አይደለም፤ እንግዳ ካልቀመሰ ውሃ የማይጠጣ፣ በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ» ሲል ዝናብ የሚያበሰብሰው ዓይነት። በየበረራው ተሳፋሪ ፊት ቆሞ «መጀመሪያ የራስዎን የኦክስጅን ጭምብል ያጥልቁ፣ ከዚያ ሌላውን ይርዱ» ይላል። አፉ ይላል፤ ልቡ ግን ያፍራል። ሰው እያለ እንዴት ራስን ያስቀድማሉ?

ያን ሌሊት ምን ሆነ? መጀመሪያ ጆሮው ድፍን አለ። ቀጥሎ የብስኩቱ ከረጢት አበጠ። አንዱ አበጠ፣ ሁለቱ አበጠ፣ ሳጥኑ ሙሉ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ! ለምን ይመስላችኋል? ከአውሮፕላኗ ውስጥ አየሩ ቀስ እያለ እየሾለከ ነበር። አንሙት ይህን መማሩንስ ተምሯል። ግን አየር ያነሰው ሰው ምን ይሆናል? ይሰክራል! ያበጠውን ብስኩት አይቶ ሳቀ። ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ድንገት ጭምብሎቹ ከጣሪያው ዱብ ዱብ አሉ። ተሳፋሪው እየጮኸ ነቃ። አንሙት የራሱን ትቶ እየሳቀ ሮጠ። ለአሮጊቷ አጠለቀ፣ ለሕፃኑ አጠለቀ፣ ለነጋዴው አጠለቀ። «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ! ኧረ እርስዎ!» የእጁ ጥፍር ሰማያዊ ሆኗል። እሱ እቴ! ቀለሙን ወደደው።

ያኔ ከኋላው ሰማ። ቋ። ቋ። ቋ። የሴት ታኮ! ምንጣፍ ላይ ታኮ ቋ ይላል እንዴ? ዞረ፤ ማንም የለም። ሦስት ወንበር ሄደ። ቋ። ዞረ፤ ከመጨረሻው ወንበር በላይ የድሮ ባርኔጣ አየ። ሁለት ወንበር ሄደ። ቋ። ዞረ፤ ነጭ ጓንት አየ። አንድ ወንበር ሄደ። ዞረ፤ ፊት ለፊቱ ቆማለች! የጥንት ዩኒፎርም ለብሳለች፣ ከንፈሯ እንደ እሱ ጥፍር ሰማያዊ ነው።

ፈራችሁ? እሱ አልፈራም። ሰክሯል አልኳችሁ እኮ!

«እትዬ፣ ጭምብል አላጠለቁም!» አለና ከግድግዳው ላይ በእጅ የሚያዘውን የኦክስጅን ጠርሙስ ነቅሎ ዘረጋላት። «እርስዎ ይቅደሙ።»

«አንተ ቅደም» አለችው።

«ኧረ በፍጹም! እንግዳ ነዎት።»

«እዚህስ እንግዳው አንተ ነህ። ቅደም።»

«አይሆንም፣ እትዬ!»

«በሞቴ!»

አንሙት እንደ ገና በሳቅ ፈረሰ። እየሳቀ ተንበረከከ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ስማ አንተ ልጅ» አለች። «እኔም ‹እናንተ ቅደሙ› እያልኩ በዚሁ መንገድ ሄጃለሁ። ለሃያ ሦስት ሰው አጠለቅሁ። ሃያ አራተኛዋ እኔ ነበርኩ፤ አልደረስኩም።» ጭምብሉን ነጠቀችና እንደ ጉርሻ ፊቱ ላይ ለጠፈችው። «ካልጎረስክ አልለቅህም!» እጇ በረዶ ነበር።

አንዴ ሳበ። ሁለቴ ሳበ። በሦስተኛው ሳቁ ጠፍቶ ፍርሃቱ መጣ። ጭምብል ሲወድቅ አውሮፕላን ቶሎ ወደ ታች መውረድ አለበት። ይህቺ ግን ዝም ብላ ቀጥ ብላ እየሄደች ነው! የጣሪያው ኦክስጅን ደግሞ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያልቃል። አብራሪዎቹ ምን ሆኑ?

ጠርሙሱን አንግቶ ሮጠ። በዚያ ዘመን የአብራሪዎቹ በር አይቆለፍም፤ በረገደው። ረዳት አብራሪው ራሱን ስቶ ተዘርሯል። ካፒቴኑስ? የማስጠንቀቂያው ደወል በጮኸ ቁጥር በትከሻው እስክስታ ይወርዳል!

«አንሙት፣ ና እንጂ ጨፍር!»

«እሺ ካፒቴን፣ መጀመሪያ ይህን ይቅመሱ» አለና ከወንበሩ ጎን ያለውን ጭምብል አጠለቀለት። ለረዳቱም አጠለቀለት። ካፒቴኑ ሳበ። ትከሻው ቆመ። «በስመ አብ!» ብሎ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ምድር ደፋው። አሥር ሺህ ጫማ ላይ ሲደርሱ የሚተነፈስ አየር ተገኘ። ረዳቱ ዓይኑን ገልጦ «ደረስን እንዴ?» አለ።

ሠላሳ ስምንቱም በሕይወት ወረዱ። አሮጊቷ ደረጃው ላይ አንሙትን ሳሙትና «የኔ ልጅ፣ ያቺ ባለ ባርኔጣዋ የት ሄደች? እጇ ቀዝቅዞ አሳዘነችኝ፤ ነጠላዬን ልሰጣት ብዬ» አሉት። አንሙት ወደ ኋላው አልዞረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማዕድ ሲቀርብ ቀድሞ የሚቆርስ እሱ ነው፤ ሰው ስግብግብ ቢለውም ግድ የለው።

እና ልጆቼ፣ ያለ ጭምብል በአውሮፕላን መተላለፊያ ብቻችሁን እንዳትሄዱ። እሷ የምትመጣው «እርስዎ ይቅደሙ» ሲባል ነው። የትም ብትሆን ትሰማለች።

ቆሎው ዞሮ መጣ? እስቲ ልዳብሰው። ወይ ጉድ፣ ሳህኑ እንደ ሞላ ነው! በጨለማ «አንተ ቅደም፣ አንቺ ቅደሚ» ስትባባሉ ነበራ! ነገ እንዲህ ሆናችሁ ልትበሩ? በሉ እንደ ገና አዙሩ፤ ሁሉም መጀመሪያ ለራሱ ይዝገን። አንቺ፣ ከጎኔ ያለሽው፣ ዝገኚ።

ምን አልሽ? «በሞቴ፣ አንቺ ቅደሚ»?

ቆይ፣ ስንገባ ከጎኔ ማን ነበረ? ግድግዳው አይደል እንዴ? ኧረ እጄን ልቀቂኝ! ኧረ መብራት! እጇ... እጇ በረዶ ነው!