ያልጠፉት ማገናኛዎች

ሰባት ጊዜ «ጠፋብኝ» ብዬዋለሁ። ከሰባቱ አንዱም አልጠፋም። ሁሉም ክርና መርፌ ይቀመጥበት በነበረ ቆርቆሮ ውስጥ፣ አልጋዬ ሥር ነበሩ።

ነገሩ የጀመረው እህቴ በሰጠችኝ ስልክ ነው። ታላቄ ናት፤ ስትሰጥ ደግሞ አይታ፣ መርጣ፣ «ያንን አሮጌሽን ጣይልኝ» ብላ ነው የምትሰጠው። ስልኩ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ፣ ፊት የሚያሳይ ነበር። አመስግኜ ተቀበልኩ። በማግስቱ ሥራ ገብቼ የማዳመጫዬን ገመድ ልሰካ ብል የምሰካበት አጣሁ። ከላይ አየሁ፣ ከታች አየሁ፣ ጎን ጎኑን ዳበስኩ። ቀዳዳ የሚባል ነገር የለም። ደወልኩላት።

«ቀዳዳውን የት አደረጉት?»

«የምን ቀዳዳ?»

«የማዳመጫውን ነዋ!»

«ውይ፣ እሱማ ቀረ እኮ! አሁን ሁሉም በብሉቱዝ ነው። አንቺ የት ሆነሽ ነው?»

እኔማ እዚሁ ነኝ። የምሠራው አንድ የጥናት ድርጅት ውስጥ ነው። አጥኚዎቹ ሰው ያነጋግሩና ድምፁን በስልኬ ይልኩልኛል፤ እኔ እየሰማሁ በኮምፒዩተር እጽፈዋለሁ። አንድ ቃል አይዘለልም። ተናጋሪው ከሳቀ በቅንፍ «ሳቅ» እላለሁ፤ ዝም ካለ «ዝምታ» ብዬ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ጭምር እጽፋለሁ። ማዳመጫ ለእኔ ለልብስ ሰፊ መርፌ ማለት ነው።

ማዳመጫው ደግሞ የአባቴ ነበር። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ጆሮን ጥርቅም አድርጎ የሚሸፍን፣ ገመዱ ረጅም። አባቴ ሊፍት ጠጋኝ ነበር፤ እሁድ እሁድ እሱን ጆሮው ላይ አድርጎ ኳስ ይሰማል። ስምንት ዓመቴ ላይ ያንን ገመድ በመቀስ ቆረጥኩት። በስህተት አይደለም፤ ኳሱን ትቶ እኔን እንዲያይ ብዬ ነው። አልተቆጣኝም። መበየጃውን አሞቀ፣ ሁለቱን ጫፎች ጣቶቼ መሃል አደረገና «ያዢልኝ። እንዳትነቃነቂ» አለኝ። የዚያን ቀን ኳሱ አመለጠው። የቀጠለበት ቦታ በሰማያዊ ናስትሮ ተጠቅልሎ እስከዛሬ አለ። አባቴ ግን ካረፈ አራት ዓመቱ ነው።

ታዲያ ይህን በምን ልለውጠው? በምሳ ሰዓት ስልኬንም ማዳመጫዬንም ይዤ ወጣሁ።

ከቢሮዬ ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ በፎቶ ቤትና በጫማ መሸጫ መካከል የተሰነቀረች የስልክ ጥገና ቤት አለች። ጠጋኙን ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተር» ነው የሚለው። ዓይኑ ላይ የማጉያ መነጽር ያደርጋል፤ ሰው ሲያነጋግረው ወደ ግንባሩ መመለሱን ስለሚረሳ ዓይኖቹ እንቁላል አክለው ይታያሉ። መጀመሪያ ያየሁት እነዚያን ዓይኖች ነው።

«ደህና ዋሉ። ምን ልታዘዝ?»

«ቀዳዳ ጠፍቶብኝ ነው።»

ሳቀ። «ዛሬ እርስዎ ሦስተኛዋ ነዎት። ሰው ሁሉ ያንን ቀዳዳ ፍለጋ እኔ ጋ ይመጣል። እኔ አልወሰድኩትም፤ ከፈለጉ ይፈትሹኝ።»

ከመሳቢያው አንዲት ከጣት የማትረዝም ነጭ ገመድ አወጣ። አንዱ ጫፏ ስልኩ ቻርጅ በሚደረግበት ይሰካል፤ በሌላው ጫፏ የድሮ ማዳመጫ ትቀበላለች። «ማገናኛ ትባላለች» አለኝ። ሊሞክራት የአባቴን ማዳመጫ ተቀበለኝና ገመዱን በጣቱ እየተከተለ ሲወርድ ሰማያዊው ናስትሮ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጠርዙ ሸሸት ብሎ ብየዳው ይታይ ነበር። ጎንበስ ብሎ አየው። ስድስት ሰከንድ ዝም አለ፤ ዝምታ መቁጠር ሙያዬ ነው።

«ይህን ማን በየደው?»

«አባቴ።»

«እጃቸው ይባረክ! አላበዙበት፣ አላሳነሱበት። እንዲህ ያለ ንጹህ ሥራ ካየሁ ቆየሁ። ሰላም ይበሉልኝ።»

«አርፏል።»

«ውይ… ነፍስ ይማር» አለና ገመዱን የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አኖረው። ልቤ የሄደው ያኔ ነው።

ማገናኛዋ በደንብ ሠራች። ችግሬም ይኸው ነበር፤ ከሠራች ምን ብዬ ልመለስ? በሳምንቱ ሄድኩና «ጠፋችብኝ» አልኩት።

«ትንሽ ስለሆነች ነው፤ ብዙ ሰው ይጠፋበታል» አለ በደግነት። በሦስተኛው «ቦርሳዎ ቀዳዳ የለውም?» ብሎ ጠየቀኝ። በአራተኛው ግን ራሱን ነቀነቀና «ምነው እቴ፣ ትበያቸዋለሽ እንዴ?» አለኝ።

እንደተናገረ ደነገጠ። «ይቅርታ፣ አፌን አዳልጦኝ ነው።»

«ያዳልጥህ» አልኩት።

በዚያች ቃል «እርስዎ» ቀረ። ከዚያ በኋላ ባንኮኒው ፊት ካለችው በርጩማ ላይ ተቀምጬ መቆየት ጀመርኩ። እኔ የሰማኋቸውን ሰዎች ስም ሳልጠራ አወራዋለሁ፤ «ባለቤቴ ደህና ነው» ከማለቷ በፊት ዘጠኝ ሰከንድ ዝም ስላለችው ሴትዮ፣ በየመሃሉ ስለሚዘፍኑት ሽማግሌ። እሱ ስለ ስልኮቹ ያወራኛል፤ ሾርባ ውስጥ ስለገባው፣ በንዴት ግድግዳ ላይ ስለተወረወረውና ባለቤቱ «ወድቆ ነው» ስለሚለው። የሚለው ሲያጥረው ካቻቢቴዎቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረድራል። አንድ ቀን «አንቺ ስትሰሚ ሰው መናገር ያምረዋል» አለኝና ሁሉንም ደርድሮ ሲጨርስ አፍርሶ እንደገና ደረደራቸው። ቢሮ ተመልሼ ግማሽ ገጽ በስህተት ሞላሁ።

በሰባተኛው ግን አልቀለደም።

«ይሄ ገመድ በጣም አስቸገረሽ አይደል?» አለኝ፤ እውነት አዝኖ።

እኔም እንዲያዝንልኝ ፈልጌ፣ «ኧረ ተወኝ! መሮኛል» አልኩት። ያቺን ቃል ምነው በዋጥኳት።

ትንሽ አሰበና፣ «እስቲ ማዳመጫውን ዛሬ ተይልኝ። አየት ላድርገውና ነገ ትወስጂዋለሽ» አለ። ነገም ልመጣ ነው ማለት ነው! እየበረርኩ ሄድኩ።

በማግስቱ ስደርስ መነጽሩን አውልቋል፣ ፀጉሩን አበጥሯል። ማዳመጫውን በሁለት እጁ አቀረበልኝ። ተቀበልኩትና የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ገመድ አልነበረውም።

«ከእንግዲህ ምንም አይጠፋብሽም» አለ ፊቱ እያበራ። «ውስጡ ብሉቱዝ ገጠምኩለት። ትናንት ደንበኛ ሁሉ መልሼ እሱን ብቻ ስሠራ ነው የዋልኩት። ድምፁ እንደነበረ ነው፤ ገመዱ ብቻ ነው የቀረው።»

ገመዱ ይወጣበት የነበረውን ቦታ በጣቴ ነካሁት። ተደፍኖ፣ ተልጎ፣ ለስልሷል።

«ቆረጥከው?»

«አዎ፣ አንቺ…»

«ማን ቁረጥ አለህ?»

«መሮኛል ስትዪ እኮ…»

«የአባቴን እጅ ነው የቆረጥከው» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። እጁ ወደ ካቻቢቴዎቹ ሄዶ ሳይነካቸው ተመለሰ። ወደ መሳቢያው ዞር ሲል እኔ ወጥቻለሁ። «ቆይ!» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ አልቆምኩም።

ሦስት ሳምንት በሌላ መንገድ ዞሬ ቢሮ ገባሁ። ይበልጥ ያናደደኝ ማዳመጫው ጥሩ መሥራቱ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ አይቆራረጥም፣ ጠረጴዛው ላይ የሚጠላለፍ ነገር የለም። በየቀኑ ግን እጄ ሳላዝዘው ገመዱን ሊፈልግ ይወርዳል። የምፈልገው ገመዱን ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በምሳ ሰዓት ብቻዬን ስቀመጥ፣ በርጩማዋ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ይሆናል እያልኩ አስብ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እናቴ መርፌ ስትፈልግ ቆርቆሮውን አገኘችው።

«ይሄ ምንድነው ልጄ? ትል ማርባት ጀመርሽ?»

ሰባቱን ነጫጭ ገመዶች መዳፏ ላይ ዘርግታ ቆማለች። ልስቅ አፌን ስከፍት ለቅሶ ወጣኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ጨርሳ ሰማችኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

«እና ልጁ ምን አጠፋ? ጠፋብኝ ያልሽው አንቺ፣ መሮኛል ያልሽው አንቺ።»

«ቢሆንም መጀመሪያ ሊጠይቀኝ አይገባውም ነበር?»

«ይገባዋል። አንቺስ እውነቱን ልትነግሪው አይገባሽም ነበር?» አለችና ቆርቆሮውን ከደነችው። «አባትሽ ሊፍት ይጠግንበት በነበረው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጸሐፊ ነበርኩ። ያ ሊፍት በአንድ ዓመት ውስጥ ለምን ያን ያህል ጊዜ የቆመ ይመስልሻል?»

«እማዬ!»

«ወረቀት አጥፌ በሩ ሥር እሰነቅርበት ነበር።»

«አባዬ ያውቅ ነበር?»

«ከመጋባታችን በፊት ነገርኩት። ፊቴ እሳት እየለበሰ ነገርኩት። ሦስት ቀን አኮረፈኝ።»

«ከዚያስ?»

«በአራተኛው ቀን ሊፍቱ ሳይበላሽ መጣ» አለችና ቆርቆሮውን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ጫማ መሸጫው ፊት ቆሜ የማልገዛውን ጫማ ሁሉ ተመለከትኩ። ስገባ ቀና አለ፤ መነጽሩን ማንሳት ረስቷል። ዓይኖቹ ያው እንቁላል አክለዋል፤ ቀልተዋል ደግሞ።

«መጣሽ?» አለ። «እኔ እኮ… ሳልጠይቅሽ መንካት አልነበረብኝም። ምን ብዬ…»

«ቆይ። መጀመሪያ እኔ።»

ቆርቆሮውን ከፈትኩና ማገናኛዎቹን አንድ በአንድ ባንኮኒው ላይ ደረደርኳቸው። እሱ ካቻቢቴዎቹን እንደሚደረድር በሥርዓት። በዓይኑ ቆጠራቸው። ሰባት።

«አልጠፉም ነበር?»

«አንዱም።»

«ታዲያ ለምን…»

«ከሠራልኝ ምን ብዬ እመጣለሁ?»

ዝም አለ። ስንት ሰከንድ እንደነበር አላውቅም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መቁጠር ረሳሁ። መነጽሩን አወለቀና ዓይኖቹ እንደ ሰው ዓይን ሆኑ፤ እንደዚያም ያምሩ ነበር።

«እኔ ደግሞ» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ «ገመዱን ስቆርጥ ምን እንዳሰብኩ ታውቂያለሽ? ከእንግዲህ ወደዚህ የሚያመጣት ነገር የለም አልኩ። መቀሱን ሁለቴ አስቀምጬ ሁለቴ አንስቼዋለሁ። ከምትቸገሪ እኔ ይቅርብኝ ብዬ ነው የቆረጥኩት።»

ሰባት ጊዜ የዋሸሁት ላየው ብዬ ነው፤ እሱ ደግሞ አምኖኝ፣ እንዳልቸገር ብሎ መምጫዬን በገዛ እጁ ቆረጠው። አፈርኩም፣ ደስም አለኝ።

መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ፖስታ አወጣ። በላዩ በራሱ የእጅ ጽሑፍ «የአባቷ ሥራ። እንዳይጣል» ይላል። ውስጡ ገመዱ ተጠቅልሎ አለ፤ ከነሰማያዊው ናስትሮ።

«ከብየዳው አርቄ፣ እዚህ ጫፉ ላይ ነው የቆረጥኩት። የሳቸውን ሥራ አልነካሁትም። ያን ቀን ልሰጥሽ ስዞር ሄድሽ።»

ገመዱን ጉንጬ ላይ አደረግኩት።

«እንደነበረ ልመልሰው?» አለኝ ቆይቶ። በዚህኛው ጊዜ ጠየቀኝ።

«መልሰው።»

ማዳመጫውን ከቦርሳዬ አወጣሁለት። ፈታው፣ መበየጃውን አሞቀ፣ መነጽሩን ዓይኑ ላይ መለሰ። ቀጫጭኖቹን ጫፎች በአንድ እጁ አገናኝቶ ለመያዝ ሞከረ። አንዴ አመለጡት፤ ሁለተኛም አመለጡት። ከዚያ ቀና ሳይል፣

«ያዢልኝ» አለ። «እንዳትነቃነቂ።»

ያቺን ቃል ማንም አልነገረውም። ስለ ልጅነቴ መቀስም፣ ስለዚያ እሁድም አውርቼለት አላውቅም። እንባዬ ባንኮኒው ላይ ጠብ አለ፤ ጣቶቼን ግን አላነቃነቅኩም።

በሩ ተከፈተና አንዲት እናት አዲስ ስልክ ይዘው ገቡ። «ዶክተር! ይሄ ስልክ ቀዳዳ የለውም እንዴ?»

«ትንሽ ይጠብቁን እናቴ» አላቸው ከገመዱ ዓይኑን ሳያነሳ። «እጃችን ተይዟል።»

ብየዳው ሲበርድ በቀይ ናስትሮ ጠቀለለው። አንዷን ማገናኛ ብቻ ወስጄ ስድስቱን ለእሱ ተውኩለት።

በማግስቱ ምንም ሳይጠፋብኝ ሄድኩ።