የሀብተማርያም እግር

ጳጉሜን አራት ቀን 1999 ዓመተ ምሕረት፣ እሑድ፤ ዝናቡ ኮልፌን ከማለዳ ጀምሮ ሲደበድባት ውሎ ገና ማባራቱ ነበር፤ ከአየር ጤና ወደ ዓለም ባንክ የሚወስደው መንገድ ተቆፍሮ ቀይ ጭቃው እስከ ደጃፍ ገብቷል። ከተማው ሁሉ አዲሱን ሺህ ዓመት ለመቀበል ባንዲራና መብራት ሲሰቅል፣ ልብስ ሰፊው ሀብተማርያም መደብ ላይ ተቀምጦ ግራ እግሩን በጋቢ ይሸፍን ነበር።

እግሩ ዝሆኔ ነበረበት። በጎጃም ተወልዶ እስኪጎረምስ ድረስ ጫማ አላደረገም፤ እናቱም በዚሁ በሽታ ስትማቅቅ ኖራ ሞታለች። በሕይወት ሳለች እህቱን ለማጨት ሽማግሎች ሲመጡ፣ «ዘራቸው የተበላሸ ነው» እንዳይባል እናቲቱ በገዛ እጇ የጓዳውን በር ዘግታ ተደበቀች፤ የልጇንም እልልታ ከጓዳ ሆና ሰማች። ከዚያ ወዲህ ሀብተማርያም የተዘጋ ጓዳ ባየ ቁጥር ትንፋሿ ይሰማዋል፤ ሚስቱ «ነፋስ ነው» ትለዋለች፤ የእናቱን ትንፋሽ ከነፋስ የማይለይ ይመስል!

«የራዕይ አባት፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ እንዳትነሣ!» አለች ሚስቱ የሺመቤት የጋቢውን ጫፍ እየጎተተች። «ሊጠይቋት የሚመጡት ሽማግሎች እግርህን ካዩት የልጃችን ነገር አለቀለት።»

ወዲያው ሽማግሎቹ ከነጭቃቸው ገቡ። ፊት የቀደሙት ራዕይን ሊያገባ ያሰበው የማቲ አያት፣ ባላምባራስ ጉዲሳ ነበሩ፤ ማዕረጉን የሰጠው ዘመን ካለፈ ቢቆይም ሰፈርተኛው ዛሬም በማዕረጋቸው ነው የሚጠራቸው።

«ኖር!» አለ ሀብተማርያም፤ አለ እንጂ አልተነሣም።

ባላምባራስ «በእግዜር» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀዘቀዘ። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺታ ሳይሰማ አይቀመጥም፤ የቤት ጌታም ለሽማግሌ መነሣት ወጉ ነው፤ እነሱ ቆመው፣ እሱ ተቀምጦ ተፋጠጡ።

«አቶ ሀብተማርያም፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተን ነበር» አሉ ባላምባራስ በመጨረሻ፤ «ዳሩ ለሽበታችን ያልተነሡ ሰው ምን ዘመድ ይሆኑናል? ዘር ከልጓም ይስባል፤ ልጅቱም አባቷን ከመሰለች ይቅርብን።» ምርኩዛቸውን ወደ በሩ መለሱ።

ይህን ጊዜ ከጓዳው በር ኋላ የታፈነ ሲቃ ተሰማ። ሀብተማርያም በልቡ እናቱ ናት አለ፤ ኋላ ግን እዚያ ያለችው ራዕይ መሆኗ ትዝ አለው፤ ይህም ከሙት ትንፋሽ ይልቅ አስደነገጠው።

ጋቢውን ገፎ ተነሣ። ያበጠው እግር መሬት ሲረግጥ ከሽማግሎቹ አንዱ አማተበ፤ የሺመቤት «ወይኔ ጉዴ!» ብላ ፊቷን ሸፈነች።

«ንቄዎ አይደለም፣ ባላምባራስ፤ አፍሬ ነው። ይህ የእናቴም እግር ነበር፤ እርግማን ነው ሲሉን አምነን ኖርን። ያየኝ ሐኪም ግን እንዲህ አለኝ፤ በዘር የሚመጣው ለበሽታው መጋለጡ ነው፤ በሽታውን የሚያወጣው በባዶ እግር የረገጡት ቀይ አፈር ነው። አፈሩን የረገጠ ሁሉ አይታመምም፤ ዘሩ ያለበትም እግሩን ከጠበቀ ይተርፋል። ዘር ከልጓም ይስባል ያሉት እውነት ነው፤ የልጄን ልጓም ግን እኔ ይዤዋለሁ፤ ዳዴ ካለችበት ቀን ጀምሮ ያለ ጫማ ደጅ ወጥታ አታውቅም።»

ያማተበው ሽማግሌ ሳይሰናበት ወጣ። ባላምባራስ ግን እግሩን ትኩር ብለው አዩ፤ ቀና ብለውም ፊቱን አዩ።

«ይቀመጡ፣ አቶ ሀብተማርያም፤ ያምዎታል» አሉ። «የምንቆመውስ እኛ ነን፤ ልጅዎን እስኪሰጡን።»

ሠርጉ በጥር ሆነ። የዘመኑ ጸሐፊዎች ስለዚያ ዓመት ርችትና የአደባባይ ድግስ ብዙ ጻፉ፤ አንድ ልብስ ሰፊ ከመደቡ ስለ መነሣቱ የጻፈ የለም። የእናቱም ትንፋሽ አልተወውም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር በር ላይ ተቀምጦ የሰፈሩን ሕፃናት እግር ሲጠብቅ ይውል ነበር፤ የልጅ ልጁ ቤተልሄም ወደ ጭቃው ከሮጠች «ጫማሽ የታለ? ጫማሽ!» እያለ ሰፈሩን በጩኸት ያናውጠው ነበር። የሰፈሩ ልጆችም «ጋሼ ጫማ» የሚል ስም አወጡለት፤ በዚያው ስም ተቀበረ።

ዛሬ በሰፈሩ «ጋሼ ጫማ» ሲነሣ «አቤት ጭቅጭቁ!» ብለው የሚስቁ ብዙ ናቸው፤ ቤተልሄምም አብራ ትስቃለች፣ በሁለት ጤነኛ እግሯ ቆማ።